ካፒቴን ስሎኩምና የወደብ ወዳጆቹ

ዓለምን በባሕር የዞሩ ሰዎች ሲቆጠሩ በትምህርት ቤት የተማርነው የማጄላንና የድሬክ ስም አስቀድሞ ይመጣል። እነዚህ ሰዎች ግን የተጓዙት በብዙ መርከበኞች ታጅበው ነው። ማጄላን እንዲያውም ዙሩን ሳይፈጽም በፊሊፒንስ ደሴቶች ከአገሬው ሰዎች ጋር ተዋግቶ ሞቷል። ያለ አንድ ረዳት፣ በአንዲት ትንሽ ባለሸራ ጀልባ፣ ብቻውን ለመጀመሪያ ጊዜ ዓለምን የዞረው ሰው ጆሹዋ ስሎኩም ይባላል። ስለ እርሱ የሚጽፉ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያነሡት የመርከብ ጥበቡንና ከማዕበል ጋር ያደረገውን ትግል ነው። ይህ ሁሉ እውነት ነው። እኛን ግን ታሪኩን ስናነብ ይበልጥ ያስገረመን ሌላ ነገር ነው፤ ይኸውም ከሦስት ዓመት በላይ በጠባብ ጀልባ ውስጥ የኖረ፣ ገንዘብ የሌለውና ዘመድ የማይጠብቀው ሰው በደረሰበት ወደብ ሁሉ ወዳጅ ማፍራቱ ነው።

ትምህርቱን ጨርሶ ወደማያውቀው ከተማ ለሥራ የተላከ ወጣት ሁሉ የመጀመሪያው ወር ምን ያህል እንደሚረዝም ያውቀዋል። ሰላምታው አጭር ነው፤ ራት ለብቻ ይበላል፤ የእሑድ ከሰዓት በኋላ ማለቂያ የለውም። ስለዚህ የዚህ ሰው ታሪክ ባሕር አይቶ ለማያውቅ አንባቢም የሚጠቅም ስለመሰለን በዛሬው ገጻችን አቅርበነዋል። ካላመለከትን በቀር የምንጠቅሳቸው ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ስሎኩም የተወለደው በካናዳ ምሥራቃዊ ዳርቻ፣ ኖቫ ስኮሺያ በሚባለው አገር፣ ፌብሩዋሪ 20 ቀን 1844 ነው። ከአሥራ አንድ ልጆች አምስተኛው ነበር። አባቱ ለዓሣ አጥማጆች ቡትስ ጫማ የሚሰፋ ቁጡ ሰው ነበርና ልጁ ገና አሥር ዓመት ገደማ ሲሆነው ከትምህርት ቤት አውጥቶ በጫማ መስፊያው ቤት አስቀመጠው። ልጁ ግን ልቡ ባሕር ላይ ነበር። ተደብቆ ለብዙ ጊዜ ሲጠርባት የቆየችውን ትንሽ የመርከብ ምስል አባቱ አገኘና ሰባበረበት። በአሥራ አራት ዓመቱ ከቤት ጠፍቶ በአንዲት የዓሣ ማጥመጃ መርከብ ላይ በወጥ ሠሪነት ተቀጠረ። ይሁን እንጂ የመጀመሪያውን ምግቡን እንዳቀረበ መርከበኞቹ አድመው ከወጥ ቤት አባረሩት። ይህ የተባረረ ወጥ ሠሪ ከዓመታት በኋላ በዚያው በምግብ ሥራው የአንድ ደሴት ሕዝብ ወዳጅ ይሆናል ብሎ ያን ጊዜ ማን ይገምታል! እናቱ በ1860 ስትሞት ከቤቱ ለመጨረሻ ጊዜ ወጣ።

ከተራ መርከበኛነት ተነሥቶ በሃያ አምስት ዓመቱ የመርከብ አዛዥ ሆነ። በ1871 በአውስትራልያ፣ በሲድኒ ከተማ ቨርጂኒያ ዎከር የተባለች ወጣት አገባ። ቨርጂኒያ እንደ ብዙዎቹ የመርከበኛ ሚስቶች በየብስ ተቀምጣ ባሏን የምትጠብቅ አልሆነችም። አብራው ወደ ባሕር ወርዳ አሥራ ሦስት ዓመት በመርከብ ላይ ኖረች። ሰባት ልጆች ወልዳ ሦስቱ በሕፃንነታቸው ሞቱባት፤ አራቱ አደጉ። የእነዚህ ልጆች ቤት መርከብ፣ መጫወቻቸውም የመርከቡ ወለል ነበር። በ1884 ግን መርከባቸው በቦነስ አይረስ ወደብ እንደ ቆመ ቨርጂኒያ ታማ በሠላሳ አራት ዓመቷ ሞተች።

እዚህ ላይ ስለ ስሎኩም ጠባይ መሸሸግ የማይገባን ነገር አለ። ኖርዘርን ላይት የተባለውን ታላቅ መርከብ ሲያዝ አንድ መኮንኑን ሃምሳ ሦስት ቀን በሰንሰለት አስሮ በማቆየቱ በኒው ዮርክ ተከሶ 500 ዶላር ተቀጥቷል። በ1887 ደግሞ አኲድኔክ በተባለው የራሱ መርከብ በብራዚል ሳለ ሌሊት ከተነሡበት መርከበኞች ሁለቱን በጥይት መታ፤ አንደኛው ሞተ። ፍርድ ቤቱም ራሱን ለመከላከል ያደረገው ነው ብሎ በነጻ አሰናበተው። በዚያ ዘመን የባሕር ሥርዓት ጨካኝ ነበርና የእርሱ ብቻ ጥፋት ነው አንልም። ነገር ግን ይህ ሰው ብዙ ሠራተኛ ሲያዝ በነበረበት ጊዜ ከመወደድ ይልቅ ይፈራ እንደ ነበር መረዳት አያስቸግርም። የወዳጆቹ ታሪክ የሚጀምረው ሥልጣኑን ካጣ በኋላ ነው።

ሥልጣኑን ያጣውም በዚያው ዓመት መጨረሻ ነው። አኲድኔክ በብራዚል ዳርቻ ከአሸዋ ላይ ወጥቶ ተሰበረ። ኢንሹራንስ ስላልነበረው ሀብቱ ሁሉ አብሮ ጠፋ። አብራው የነበረችው በ1886 ያገባት ሁለተኛ ሚስቱ ሄንሪኤታ ስትሆን፣ ከልጆቹም ሁለቱ ከእነርሱ ጋር ነበሩ። ስሎኩም ከስብርባሪውና ከአገሩ እንጨት ሠላሳ አምስት ጫማ የምትረዝም ጀልባ ሠርቶ ሜይ 13 ቀን 1888 ባሕር ላይ አወረዳት። ዕለቱ በብራዚል ባሮች ነጻ የወጡበት ነበርና ስሟን ነጻነት ማለት በሆነው የፖርቱጋል ቃል ሊበርዳዴ አላት። ቤተሰቡም በዚህች ጀልባ 5,500 ማይል ያህል ተጉዞ በደኅና ወደ አሜሪካ ገባ። ሄንሪኤታ ግን ከዚያ ወዲያ ከባሏ ጋር ረጅም የባሕር ጉዞ አላደረገችም። እኛም አንፈርድባትም።

በ1892 ስሎኩም አርባ ስምንት ዓመቱ ነበር። ዓለም ወደ እንፋሎት መርከብ ስለ ዞረ የሸራ አዛዥ የሚፈልግ ጠፋ። በዚህ ጊዜ ኤበን ፒርስ የተባለ ዓሣ ነባሪ አዳኝ የነበረ ካፒቴን፣ ጥቂት ጥገና የምትፈልግ መርከብ አለችኝና ልስጥህ አለው። ስሎኩም ደስ ብሎት በማሳቹሴትስ ግዛት ወደምትገኘው ወደ ፌርሄቨን ሄደ። መርከብ የተባለችው ግን ከውኃ ርቃ ሜዳ ላይ በእንጨት ተደግፋ የቆመች፣ ሰባት ዓመት የተጣለች አሮጌ የዛጎል ማጥመጃ ጀልባ ሆና አገኛት። ቀልድ ነበር። ስሎኩም ግን ቀልዱን እንደ ስጦታ ተቀበለውና መጥረቢያውን አንሥቶ አጠገቧ ከነበረው መስክ የኦክ ዛፍ ቈረጠ።

አሥራ ሦስት ወር ሠራባት። ያወጣው ገንዘብ 553 ዶላር ከ62 ሣንቲም ነው። ስፕሬይ የምትባለው ይህች ጀልባ ርዝመቷ ሠላሳ ስድስት ጫማ ከዘጠኝ ኢንች፣ ወርዷ አሥራ አራት ጫማ ከሁለት ኢንች ነበር። ሥራው ሲጀመር የመንደሩ ሰዎች የመጡት ለመሳቅ ነበር፤ ይህ ነገር ያዋጣል ወይ እያሉም ይጠይቁት ነበር። ቀስ በቀስ ግን ጡረታ የወጡት የዓሣ ነባሪ ካፒቴኖች ይህ እንጨት እንዲህ ቢሆን፣ ያ ሳንቃ እንዲያ ቢገባ እያሉ ምክር መስጠት ጀመሩ። ስሎኩምም እጁን ሥራ ላይ እንዳደረገ ወሬያቸውን ይሰማል፤ ምክራቸውንም ይመዝናል። የወዳጅነቱ ዘዴ የታየው ገና እዚህ ላይ ነው ብንል ስሕተት አይሆንም። ያደረገው ነገር ቢኖር ሰው ቆሞ በሚያየው ቦታ መሥራት፣ ሲመክሩት ማዳመጥ፣ ሲስቁበትም አብሮ መሳቅ ነው።

ኤፕሪል 24 ቀን 1895 ሃምሳ አንድ ዓመት ሆኖት ከቦስተን ተነሣ። ዋና አያውቅም ነበር። ለባሕር ጉዞ የሚያስፈልገውን ክሮኖሜትር የተባለውን ትክክለኛ ሰዓት ለማስጠገን አሥራ አምስት ዶላር ስለተጠየቀ ትቶት በኖቫ ስኮሺያ አንድ የቆርቆሮ ሰዓት ገዛ። ዋጋው አንድ ዶላር ተኩል ነበር፤ መስታወቱ የተሰበረ ስለሆነ ነጋዴው በአንድ ዶላር ለቀቀለት። ዓለምን የዞረው በዚህ ሰዓትና በጨረቃ ስሌት ነው።

አትላንቲክ ውስጥ ገብቶ ጉም ሲከበው ብቸኝነት እንደ ሕመም ያዘው። ድምፁ ካለመናገር ብዛት እንዳይጠፋ ስለ ፈራ በሌለ ሠራተኛ ላይ ጮኾ ትእዛዝ መስጠት ያዘ። በመሪው ላይ ያለ ሰው ይመስል ጀልባዋ ወዴት እንደምታመራ ይጠይቃል፤ የሚመልስለት የለም። ከዚያም ይዘፍናል። ይህን ሁሉ በጽሑፉ ሳያፍር አስቀምጦታል። ጥቂት ቀን ቈይቶ ከአንድ የእስፓኝ መርከብ ጋር ተገናኘ። የመርከቡ አዛዥ ከዚያ ቀደም አይቶት አያውቅም፤ ሆኖም ብቻውን መሆኑን ባየ ጊዜ አንድ ጠርሙስ ወይን በገመድ አሳልፎ ላከለት። በጉዞው ላይ ከባዕድ እጅ ካገኛቸው ስጦታዎች አንዱ ይህ ነበር።

አዞረስ ደሴቶች ሲደርስ ሕዝቡ ፍራፍሬ አሸከመው፤ የአሜሪካ ቆንሲል ደግሞ ነጭ አይብ ሰጠው። ባሕር ላይ ወጥቶ አይቡን ከፕሪም ጋር አብዝቶ ስለበላ ሆዱን ክፉኛ ቈረጠውና በጀልባዋ ወለል ላይ ተዘረረ። ማዕበል ተነሥቶ ሳለ ራሱን ሊስት ሲል አንድ ረጅም ሰው መሪውን ይዞ ቆሞ አየ። ሰውየው ከኮሎምቦስ መርከቦች አንዷ የነበረችው የፒንታ መሪ መሆኑን ነገረው፤ አይብና ፕሪም መቀላቀሉንም ነቀፈበት። ነገሩ የትኵሳት ሕልም መሆኑን ስሎኩም ራሱ አልሸሸገም። ግን ሲነቃ ጀልባዋ መንገዷን ሳትስት ስትሄድ አገኛት። ከዚያ ወዲያ ያንን ሰው እንደ እውነተኛ ወዳጅ ሲያስታውሰው ኖረ። ብቸኛ ሰው ወዳጅ ሲያጣ ከአራት መቶ ዓመት በፊትም ቢሆን ፈልጎ ያመጣል።

የመጀመሪያው ሐሳቡ በሜዲቴራንያን፣ በስዊዝ ቦይና በቀይ ባሕር አድርጎ ወደ ምሥራቅ ለማለፍ ነበር። ይህ ቢሆን ኖሮ በእኛም አካባቢ ባሕር ባለፈ ነበር። ነገር ግን ጂብራልታር ሲደርስ የእንግሊዝ ባሕር ኃይል መኮንኖች በእንግድነት ተቀብለው፣ ወተትና አትክልት እየላኩ ካስተናገዱት በኋላ በዚያ መንገድ የባሕር ወንበዴ ይበዛልና ተመለስ ብለው መከሩት። ምክራቸውን ሰምቶ አትላንቲክን እንደገና ተሻገረና በደቡብ አሜሪካ ጫፍ ዞረ።

በዲሴምበር 1895 በኡሩጓይ ዳርቻ ጀልባዋ አሸዋ ላይ ወጣችበት። መልሕቅ ሊጥል በትንሽ ታንኳ ሲወጣም ታንኳዋ ተገልብጣ ሊሰምጥ ምንም አልቀረውም ነበር። ጥዋት አንድ የአካባቢው ልጅ በፈረስ መጥቶ የወደቀች ጀልባ ያገኘ መስሎት በገመዱ ጎትቶ ወደ ቤቱ ሊወስዳት ሞከረ። ስሎኩም ብቅ ሲል ልጁ ደነገጠ። ከየት እንደ መጣ ቢጠይቀው፣ ከጨረቃ መጣሁ፣ የመጣሁትም ልጆች ጭኜ ለመሄድ ነው አለው። ልጁ ይህን ሲሰማ ገመዱን ሊያጠልቅበት አዘጋጀ። እንዲህ በቀልድ የተጀመረው ትውውቅ መጨረሻው ደግ ሆነ፤ የአካባቢው ሰዎች ተሰብስበው ጀልባዋ ወደ ውኃ እንድትመለስ ረዱት። ሌሊቱን ከሞት ያመለጠና ንብረቱ አሸዋ ላይ የወደቀ ሰው፣ ሲነጋ ከሕፃን ጋር ለመቀለድ አቅም ማግኘቱን አንባቢ ልብ ይበል።

ከወዳጆቹ ሁሉ የሚበልጥብን ግን በማጄላን መተላለፊያ፣ በፑንታ አሬናስ ከተማ ያገኘው ፔድሮ ሳምብሊች የተባለ የኦስትሪያ ተወላጅ ካፒቴን ነው። ስሎኩም በፌብሩዋሪ 1896 ሲደርስ ሳምብሊች ብስኩትና በጢስ የደረቀ የአጋዘን ሥጋ አቀረበለት፤ ኮምፓሱንም ሰጠው፤ ቢቀበለው ኖሮ ከራሱ መርከብ ሸራ ፈትቶ ሊሰጠው ዝግጁ ነበር። ከሁሉም በኋላ የወርቅ አሸዋ የሞላበት ጠርሙስ አውጥቶ የፈለግኸውን ያህል ውሰድ ብሎ ለመነው። ስሎኩም ድኻ ነበር፤ ነገር ግን ወርቁን አልነካም። የወሰደው አንድ ከረጢት ሹል የምንጣፍ ሚስማር ነው። ሳምብሊችም ሌሊት ስትተኛ ይህን በወለሉ ላይ በትነው፣ አንተም እንዳትረግጠው ተጠንቀቅ አለው። አንድ ሌሊት ጫማ የሌላቸው የአገሬው ሰዎች በጨለማ ወደ ጀልባዋ ወጡና እየጮኹ ወደ ታንኳቸውና ወደ ባሕሩ ዘለሉ።

ስሎኩም ይህን ሲተርክ ይስቃል፤ አንባቢም ይስቃል። እኛ ግን አንድ ነገር ማከል ይገባናል። በእነዚያው ዓመታት የበግ አርቢዎችና ወርቅ ፈላጊዎች የዚያን አገር ጥንታዊ ሕዝብ ከመሬቱ እያፈናቀሉና እያጠፉ ነበር፤ ከውጭ የመጣ በሽታም ይፈጃቸው ነበር። ከነጭ ሰው ጀልባ ደግነት የሚጠብቁበት ምክንያት አልነበራቸውም። የስሎኩም ወዳጅነት ድንበር እዚህ ላይ ይታያል። በዓለም ዙሪያ ሁሉን ሲያዳምጥ የነበረው ሰው የእነዚህን ሰዎች ነገር ለመስማት ጊዜ አላገኘም።

ማርች 3 ቀን 1896 ወደ ፓስፊክ ውቅያኖስ ወጣ። ለማነጻጸር ለሚፈልግ፣ በእኛ አቆጣጠር የካቲት 23 ቀን 1888 ከተደረገው የዓድዋ ድል ሁለት ቀን በኋላ ማለት ነው። ወዲያው ከባድ ማዕበል ወደ ደቡብ ገፍቶ መልሶ ወደ መተላለፊያው አስገባው፤ ጨርሶ የወጣው በኤፕሪል ነው።

ከዚያ የደረሰው ሁዋን ፈርናንዴዝ ወደምትባለው ደሴት ነው። ለሮቢንሰን ክሩሶ ታሪክ መነሻ የሆነው መርከበኛ የኖረባት ደሴት ይህች ናት። በዚያ የሚኖሩት አርባ አምስት ያህል ሰዎች ነበሩ። ደሴተኞቹ በጀልባ ሲቀበሉት ቡና አፍልቶ ቦምቦሊኖ ጠብሶ አቀረበላቸው። በጣም ወደዱት። ጀልባዋ ላይ ብዙ ሞራ ጭኖ ነበርና ቦምቦሊኖ እንዴት እንደሚጠበስ አስተማራቸው፤ ሞራውንም ሸጠላቸው። እነርሱም ከሰመጠ ጥንታዊ መርከብ የወጣ አሮጌ ገንዘብ ከፈሉት። በመጨረሻው ቀን ከደሴቲቱ ልጆች ጋር ተራራ ለተራራ ሲዞርና ፍሬ ሲለቅም ዋለ። ልጆቹ የየፍሬውን ስም በእስፓኝ ቋንቋ ያስተምሩታል፤ እርሱም እንደ ተማሪ ይደግማል። ፖሊስም ጠበቃም የሌለባት አገር መሆኗን በአድናቆት ጽፏል። ፍርድ ቤት ሁለት ጊዜ የቆመ ሰው መሆኑን ስናስታውስ አድናቆቱ ይገባናል።

ከዚያ ተነሥቶ ሰባ ሁለት ቀን የሰው ፊት ሳያይ ወደ ሳሞኣ ደሴቶች ተጓዘ። በጁላይ 1896 አፒያ ወደብ እንደ ገባ ሦስት ወጣት ሴቶች በታንኳ መጥተው ሌሎቹ ሰዎች የት አሉ ብለው ጠየቁት። ብቻዬን ነው የመጣሁት ቢላቸው አላመኑም፤ ሌሎች ሰዎች ነበሩህ፣ በልተሃቸዋል ብለው ወሰኑ። በማግስቱ ደግሞ የታወቀው ደራሲ የሮበርት ሉዊስ ስቲቨንሰን ባልቴት መጣች። ስቲቨንሰን ራሱ በባለሸራ መርከብ ደሴቶቹን የዞረና በዚያው በሳሞኣ በ1894 የሞተ ነበር። ባልቴቱ የባሏን የባሕር መመሪያ መጻሕፍት አምጥታ፣ በሕይወት ቢኖር እርሱ ራሱ ይሰጥህ ነበር በሚል መንፈስ ለስሎኩም ሰጠችው። ቤቷም ጋብዛው በባሏ ጠረጴዛ ላይ ደብዳቤህን ጻፍ ብትለው ድፍረት መስሎ ስለታየው አልተቀመጠም።

በሲድኒ የጀልባ ማኅበር አለቃ አዲስ ሸራ በሙሉ ሰጠው። ሜልቦርን ላይ ግን የወደብ ቀረጥ ተጠየቀ። እርሱም አልተጣላም፤ ጀልባዬን ለማየት የሚፈልግ ስድስት ፔንስ ይክፈል ብሎ አስነገረ። ሰው ሲቀንስበት ሻርክ አጥምዶ ያንን ማሳየት ጀመረ። ከዚያ በኋላ በየከተማው ስለ ጉዞው ንግግር እያደረገ ስንቁን ያገኝ ነበር። መናገር የተማረው ግን ማዳመጥ ስለሚችል ነው ብለን እናምናለን።

በሕንድ ውቅያኖስ ውስጥ ወደምትገኘው ኪሊንግ ኮኮስ በጁላይ 1897 ሲደርስ ሃያ ሦስት ቀን ተጉዞ መሪዋን የያዘው በጠቅላላው ሦስት ሰዓት ያህል ብቻ ነበር፤ ጀልባዋ ሸራዋ ከተስተካከለ መንገዷን ራሷ ትይዝ ነበርና። በዚያ ዋና ወዳጆቹ ሕፃናት ሆኑ። አንድ ቀን በብስኩት ላይ የጥቁር እንጆሪ ማርማላታ ቀብቶ ሲበላ አይተው፣ ካፒቴኑ ሬንጅ ይበላል እያሉ እየጮኹ ሮጡ። አንዷ ደፍራ ቀመሰችና ጣፋጭ መሆኑን አወጀች፤ ወዲያው ሁሉም ጣታቸውን ከዕቃው ነከሩ።

ሮድሪገስ ደሴት ላይ የጠበቀው ደግሞ ከዚህ የተለየ ነው። እርሱ ከመድረሱ ጥቂት ቀን በፊት የደሴቲቱ ቄስ ስለ ሐሳዊ መሲሕ መምጣት አስተምረው ነበር። ነጭ ሸራዋን የዘረጋች፣ አንድ ሰው ብቻ ያለባት ጀልባ ከነፋስ ጋር እየበረረች ስትገባ ሕዝቡ መጣ፣ መጣ ብሎ ተሸበረ። አንዲት አሮጊት ቤታቸውን ዘግተው፣ እርሱ በቈየበት ስምንት ቀን ሁሉ ሳይወጡ ቀሩ። ስሎኩም አልተቀየመም። አገረ ገዢው ቤት ራት በላ፤ በኋላም ወደ ተራራው ወጥቶ ቄሱን ራሳቸውን ጐበኘና ተወዳጁ።

ወዳጅ ማድረግ ያልቻለው ሰው አልነበረም አንልም። በደቡብ አፍሪቃ ከትራንስቫል ፕሬዚዳንት ከክሩገር ጋር ሲያስተዋውቁት፣ ዓለምን በመዞር ላይ ያለ ሰው ነው ተባለ። ክሩገር ግን ምድር ዝርግ ናት ብለው የሚያምኑ ስለሆነ በዓለም ዙሪያ ሳይሆን በዓለም ላይ ነው ብለው ቈጣ ብለው አረሙ። ጨዋታውም በዚሁ አለቀ። ስሎኩም በዚህ ተደስቶ ሲስቅ፣ ያስተዋወቀው ዳኛ ግን ዐፈረ። ከሰው ይልቅ የከፋበት እንስሳ ነው። በሴንት ሄሌና ደሴት አንድ ሰው በደግነት ፍየል ሰጠው። ፍየሉ የካሪቢያንን ባሕር ካርታና የገለባ ባርኔጣውን ስለበላበት አሴንሽን ደሴት ላይ አውርዶት ሄደ።

ጁን 27 ቀን 1898 ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ ኒውፖርት ወደብ መልሕቁን ጣለ። 46,000 ማይል ተጉዞ ነበር። አገሩ ከእስፓኝ ጋር ጦርነት ላይ ስለነበረ መጀመሪያ ያስተዋለው ሰው ጥቂት ነው። ጥቂት ቀን ቈይቶ ጀልባዋን ወደ ፌርሄቨን ወስዶ፣ መጀመሪያ ውኃ ስትነካ ባሰራት በዚያው የዝግባ ግንድ ላይ መልሶ አሰራት። በ1900 የጉዞው መጽሐፍ ታተመና ዝናውን አስፋፋ።

ገንዘብም ተገኘ፤ በ1902 በማርታስ ቪንያርድ ደሴት ቤትና መሬት ገዛ። ፍራፍሬ ተከለ። ጎረቤትም፣ ሚስትም፣ አጥርም ያለው ሰው ሆነ። ነገር ግን አልዘለቀበትም። በሰባ ሁለት ቀን የባሕር ብቸኝነት ያልተሰበረው ሰው በየቀኑ ከሚያየው ጎረቤት ጋር መኖር ሳይሆንለት ቀረ። ክረምት ሲመጣ ስፕሬይን አዘጋጅቶ ወደ ካሪቢያን ደሴቶች ይወርዳል፤ ሲመለስም ከቤቱ ይልቅ ጀልባዋ ውስጥ ያድራል። የወደብ ወዳጅ መምጣቱንና መሄዱን አስቀድሞ ያውቃል፤ በስምንት ቀን ውስጥ ያለውን ሁሉ ይሰጣል። የቤት ወዳጅ ግን ነገም ከነገ ወዲያም መገኘትን ይጠይቃል። ሄንሪኤታ የጠየቀችው ይህንኑ ይመስለናል።

ለጐብኚ ሁሉ ክፍት የነበረችው ጀልባም በ1906 መከራ አመጣችበት። በኒው ጀርዚ ግዛት ሳለ ጀልባዋን ልታይ በመጣች የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ ነውር ፈጽሟል ተብሎ ተያዘ። ከባዱ ክስ ተነሣ፤ በቀላሉ ክስ አልከራከርም ብሎ አርባ ሁለት ቀን ታስሮ ተለቀቀ። አድናቂዎቹ ይህን ማንሣት አይወዱም። እኛ ግን የሕይወቱ ክፍል ስለሆነ አልዘለልነውም። በዚያው በጋ ለፕሬዚዳንት ቴዎዶር ሩዝቬልት የአበባ ስጦታ ይዞ ቤታቸው ሄደ፤ ልጃቸው አርቺም በስፕሬይ ተሳፍሮ ከእርሱ ጋር ተጓዘ።

ጀልባዋ አረጀች፤ እርሱም እንደ ቀድሞው አይጠግናትም ነበር። በኖቬምበር 1909 ስድሳ አምስት ዓመት ሆኖት ወደ ኦሪኖኮና ወደ አማዞን ወንዞች ምንጭ ለመድረስ አስቦ ከቪንያርድ ሄቨን ወደብ ብቻውን ተነሣ። ከዚያ ወዲያ እርሱንም ስፕሬይንም ያየ የለም። ሄንሪኤታ ብዙ ዓመት ጠበቀች። በ1924 ሕግ መሞቱን ሲያውጅ የሞተበት ቀን ተብሎ የተጻፈው ከወደቡ የወጣበት ቀን ነው።